ሆዱ የተበሳው አባቴ፣ ብልቃጧ እና ቤታችን የገባው ጭቅጭቅ (ሀዋሳ)

የሰፊው_ልጅ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:10

ሰላም ለዚህ ቤት። ሁሌ አንብቤ ነው የምወጣው፣ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን ቤታችን ለሁለት ተከፍሏልና ምክራችሁን ፈልጌ መጣሁ።

አባዬ 58 ዓመቱ ነው። ልብስ ሰፊ ነው፣ ገበያው አጠገብ ትንሽ ሱቅ አለችው። ጨጓራ አለበት። «አለበት» ስል እንደ ማንኛውም አበሻ ማለቴ ነው፣ ማን የለበትም? በርበሬ ቀነሰ፣ ቡና ወደ አንድ ስኒ ወረደ፣ ጠዋት ጠዋት ተልባ ይጠጣል። ኦሜፕራዞል ከኪሱ አይጠፋም። ሲያቃጥለው ይውጣል፣ ሲሻለው ይተዋል። እንዲህ እያለ ሶስት ዓመት ሆነው።

ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ሁለት ሶስት ጉርሻ በልቶ «ጠገብኩ» ማለት አመጣ። እማዬ ወጤን ጠላው ብላ ተቀየመች። ሱሪውንም ሁለት ጊዜ አጠበበ። ራሱ፣ በገዛ ሲንጀሩ። ሲያጠብ ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁ። ሰፊ ሱሪ ቢያጠብ ምን ይገርማል? ምንም አላልኩም። አሁን ሌሊት ሌሊት የሚመጣብኝ ያ ነው።

ባለፈው ወር አርብ ቀን ባሰበት። ሰፈር ውስጥ አንድ ክሊኒክ ሄደ። «ጨጓራህ ነው» አሉት፣ የማስታገሻ መርፌ ወግተው ሸኙት። ቅዳሜ ሻል አለው። እሁድ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ በጩኸቱ ተነሳን። «በጩቤ ወጉኝ» ይላል። ተኮራምቶ ተኝቷል፣ አይነቃነቅም፣ አትንኩኝ ነው የሚለው። እማዬ ወተት አሙቃ ሁለት ፉት አስባለችው። ባጃጅ ለምነን ይዘነው ወጣን። መንገዱ ላይ ጉብታ ባለፍን ቁጥር ይጮኻል፣ ሜዳው ላይ ዝም ይላል።

ድንገተኛ ክፍል አንድ ልጅ ዶክተር ሆዱን ነካ አደረገና «ጣውላ ሆኗል» አለ ለጓደኛው። አቁመው ራጅ አነሱት። አቁመው ስል እኔና ወንድሜ በብብቱ ይዘነው። ፊልሙን ወደ መብራቱ አንስቶ አሳየኝ፤ ከጉበቱ በላይ ማጭድ የመሰለች ቀጭን ጥቁር ነገር አለች። «አየር ነው፣ እዚህ ምንም ሥራ የለውም። ጨጓራው ተበስቶ ነው የወጣው» አለኝ። በአፍንጫው ቱቦ ገባ፣ ግሉኮስ በሁለቱም እጁ፣ አንቲባዮቲክ። ሳይነጋ ኦፕራሲዮን ክፍል ገባ።

ሰርጀኑ ሲወጣ «ደፍነነዋል፣ ግን የቀዳዳው ጠርዝ አላማረኝም፣ ቆንጥሬ ወስጃለሁ» አለና ብልቃጥ አስያዘኝ። አውራ ጣቴን ብታክል ነው። ውስጧ ፎርማሊን (ሥጋው እንዳይበላሽ የሚያቆይ ፈሳሽ)፣ ከሥር ምስር የሚያካክሉ አራት ቁራጭ ሥጋ። «ፓቶሎጂ ውሰጂው፣ ውጤቱን ሳትይዢ እንዳትቀሪ።» ሌላ ባጃጅ፣ ያው ጉብታ። አሁን ደግሞ እኔ ነኝ ባለፍን ቁጥር የምደነግጠው፤ በሁለት እጄ እንደ ስኒ ይዣታለሁ። ላቦራቶሪው ስደርስ ወረቀቱን ረስቻለሁ፣ «ያለ ወረቀት አንቀበልም»፣ ተመለስኩ።

ውጤቱ በ12 ቀኑ መጣ። አዴኖካርሲኖማ። የጨጓራ ካንሰር።

ሐኪሙ ሲቲ ስካን ይነሳ፣ ከኦንኮሎጂ (የካንሰር) ሐኪም ጋር እንነጋገር፣ ከዚያ ሁለተኛ ቀዶ ጥገና ይላል። ታላቅ ወንድሜ «ተሰፍቶ ድኗል፣ እየበላ ነው፣ ለምን ድጋሚ ይቀደዳል? ካንሰር ብረት አይወድም፣ ጸበል እንውሰደው» አለ። እማዬ ደግሞ «ለሱ ትንፍሽ ትሉና ውርድ ከራሴ» ብላለች። አባዬ እስካሁን ቁስለት ነው ብሎ ነው የሚያምነው። ምን ትላላችሁ?


የአቶቴው
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:42

ወንድምሽ ልክ ነው እህቴ። የአጎቴ ሚስት በእግሯ ሄዳ ነው የገባችው። ሆዷን ከፈቱት፣ መልሰው ዘጉት፣ በሁለት ወሯ ቀበርናት። ሳትነካ ብትቀር ትኖር ነበር። ካንሰር ቢላ ካገኘው ይበተናል። እግዜር ይማረው አባትሽን።


ሰርጀኑ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5:05

ሙያዬ ይኸው ነው። ሀዋሳ አይደለሁም፣ አባትሽንም አላየሁም፤ ስለዚህ የሚያክመው ሐኪም የሚልሽ ከኔ ይቀድማል።

የጨጓራ ካንሰር ድንገተኛ ክፍል የሚመጣው በሶስት በር ነው። ይደማል፣ ይዘጋል፣ ይበሳል። የአባትሽ ሶስተኛውና ብርቁ ነው። ከመቶ የጨጓራ ካንሰር ታማሚ ይህ የሚደርስበት አንድ ሁለት ሰው ነው። ገልብጠሽ ስታይው ግን ሌላ ነው፤ ጨጓራው ራሱ ተበስቶ ከሚመጣ ሰው ከአስሩ አንዱ ገደማ ካንሰር ሆኖ ይገኛል። «ጨጓራው ራሱ» ያልኩት በምክንያት ነው። እዚህ አገር ሌሊት ተነስተን የምንደፍነው አብዛኛው ቀዳዳ ከጨጓራ ወጣ እንዳልሽ ያለው የዱኦዲነም ነው፣ የትንሹ አንጀት መጀመሪያ። እሱ ካንሰር ሆኖ አይገኝም ማለት ይቻላል። ዘመዱ የተሰፋለት ሰው ስለዚህ ይጠይቅ፦ ቀዳዳው የጨጓራ ነው የዱኦዲነም?

ለምን ያን ሌሊት አልታወቀም ለሚለው፣ በዓይን አይለይም። የቁስለትም የካንሰርም ጠርዝ ያበጠ፣ የደነደነ፣ የቀላ ነው። የሰውየው ግፊት ወርዷል፣ ሆዱ በአሲድና በምግብ ተጥለቅልቋል (ወተቱንም ጨምሮ፤ እናትሽን አትውቀሷት፣ ሁሉም እናት የምታደርገው ነው፣ ለሌላ ጊዜ ግን እንዲህ ላለ ሰው ውሃም ቢሆን አይሰጥ)። በዚያ ሰዓት ጨጓራ ቆርጬ ላውጣ ማለት ሰውየውን ጠረጴዛው ላይ ማጣት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሆዱን በሊትር በሊትር ሳላይን እናጥባለን፣ ቀዳዳውን በሞራ እንደፍናለን። ያው ሞራ ነው፣ በግ ሲታረድ የምታውቁት፣ ሞራ ገላጭ የሚያነበው። በሕይወት ባለ ሰው ሆድ ውስጥ ግን ቁስል ባለበት እየሄደ የሚለጠፍ ጉደኛ ነገር ነው። እኛም ሳብ አድርገን ቀዳዳው ላይ እናስረዋለን። የካናዳው ሰርጀን ግራሃም እ.ኤ.አ. በ1937 የጻፈበት ዘዴ ነው፣ እስከ ዛሬ እንጀራችን ነው።

አባትሽ ሰፊ ስለሆነ ይህን ከሁላችንም በላይ ይገባዋል። የነተበ ጨርቅ ተጣፈ። ቀዳዳው ጠፋ፣ ጨርቁ ግን ያው የነተበው ነው። እየበላ መሆኑ ጥሩ ነው፣ ለሁለተኛው ቀዶ ጥገና አቅም ያገኛል። ካንሰሩ ግን እዚያው አለ።

«ብረት አይወድም» የሚሉትን ስሰማ ይደክመኛል። ሰው ዘግይቶ ይመጣል። ሲከፈት ካንሰሩ ጉበቱ ላይ፣ ሆድ ዕቃው ላይ ተዘርቶ ይገኛል። የሚነቀል ነገር የለም፣ ይዘጋል። በሁለተኛው ወር ይሞታል። ለቅሶ ላይ ቢላው ይከሰሳል። የአቶቴው፣ የአጎትህ ሚስት ነፍሷን ይማር፣ ታሪኩ ግን ይህን ይመስለኛል። የሰፊው ልጅ አባት ላይ እኔን የሚያሰጋኝ ቢላው ሳይሆን ቀዳዳው ነው፤ በዚያ የፈሰሰው ነገር የካንሰር ሴል ይዞ ሊወጣ ይችላል። ሲቲው የሚታዘዘው እሱንም ለማየት ነው። ከተሰራጨ ዕቅዱ ይቀየራል። ካልተሰራጨ፣ ጊዜ አታጥፉ።

የባጃጁ ጉብታ ነገር ደግሞ ቆንጆ ምልክት ነው። ሆድ ዕቃው የተቆጣ ሰው መነቃነቅ አይችልም። የኩላሊት ጠጠር ያለበት ይንፈራገጣል፣ ይሄኛው እንደ ድንጋይ ይተኛል።


ናቲ_ፒያሳ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:15

እኔንም ጨጓራህ ላይ ባክቴሪያ አለ ብለውኛል። አለቀልኝ ማለት ነው? የሀዋሳ ውሃስ አለበት እንዴ?


ፋርማሲስቷ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2:30

ናቲ ተረጋጋ። ኤች ፓይሎሪ ከአገራችን ሰው ከግማሽ በላዩ ላይ አለ። ባክቴሪያው ካለባቸው መቶ ሰዎች ወደ ካንሰር የሚደርሱት በሕይወት ዘመናቸው ሁሉ ከሶስት አይበልጡም። ግን ተራ ነገርም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ካንሰር አምጪ ከሚላቸው የመጀመሪያው ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ያገኙት አውስትራሊያውያን ናቸው፣ ዋረንና ማርሻል። ማርሻል ሰው አላምን ሲለው ባክቴሪያውን በብርጭቆ ጭልጥ አድርጎ ታመመ። በ2005 ኖቤል ሸለሟቸው። (ቤታችሁ አትሞክሩት።)

አንተን ያዩህ በደም ከሆነ ግን የደሙ ምርመራ ድሮ የነበረውንም «አለ» ይላል። የሰገራው ይሻላል። መድኃኒቱን ጨርሰህ አራት ሳምንት፣ ኦሜፕራዞል ካቆምክ ደግሞ ሁለት ሳምንት ቆይተህ ነው የምትመረመረው፣ ያለዚያ ይዋሽሃል። መድኃኒቱንም 14 ቀን ከተባልክ 14 ቀን። በአምስተኛው ቀን «ተሻለኝ» ብሎ ግማሹን ለጎረቤት የሚሰጥ ደንበኛ አለኝ፣ ስሙን አልጠራም። ውሃውን ተወው፣ የስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድ ጥርሳችንን ነው ያበለዘው።

አሁን ወደ የሰፊው ልጅ። እውነቱን ልናገር፣ ጥፋቱ የኛም ነው። መስኮታችን ላይ መጥቶ «ኦሜፕራዞል አንድ ፍሬ» ሲለን እንሸጣለን። ኦሜፕራዞል ማቃጠሉን ይሸፍናል። የካንሰር ቁስል እንኳ ላይ ላዩን ሻር ያለ እንዲመስል ያደርጋል፣ ሰውየው ዳንኩ ይላል። አባትሽ ግን ሁለት ትልልቅ ነገር አሳይቷል፤ ቶሎ መጥገብና መክሳት። ከ50 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ይህን ይዞ ከመጣ ኪኒን ሳይሆን ኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ የካሜራ ቱቦ ጨጓራን ማየት) ነው የሚያስፈልገው። እኔ አሁን መስኮቱ ላይ «ሱሪህ ሰፋህ እንዴ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ይስቃሉ፣ ግን ይመልሳሉ።

የማስታገሻ መርፌውም ዳይክሎፌናክ ከነበረ ለጨጓራ ጠላት ነው። በሱ ተበሳ አልልም። ሕመሙን ግን ሁለት ቀን ደብቆት ይሆናል።


ጡረተኛው
ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:20

ልጄ፣ እኔ በመጀመሪያው በር የገባሁ ነኝ፣ በሚደማው። በሁዳዴ ጾም ሰገራዬ ጠቆረ። ኑግ ስለምጠጣ ነው ብዬ ናቅሁት። ግን ሬንጅ ነበር የሚመስለው፤ ይጣበቃል፣ ሽታው አያድርስ ነው። በሳምንቴ ከአልጋ ስነሳ ዓይኔ ጨለመ፣ ወደቅሁ። ያስመለስኩትን ባለቤቴ አይታ ጀበና ሥር የሚቀረውን አተላ መሰላት። ሶስት ከረጢት ደም ሰጡኝ። በኢንዶስኮፒ ሲያዩት ካንሰር አልነበረም፣ ቁስለት ነበር፣ ግን ቆንጥረው ናሙና ወሰዱ፣ በሁለት ወር ድጋሚ ገብተው መዳኑን አዩ። ቱቦውን መዋጥ ደስ አይልም። አምስት ደቂቃ ነው፣ ያልፋል።


ፋርማሲስቷ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:48

ጋሼ እንኳን ተረፉልን። ለሌሎች፦ የብረት ኪኒን የምትወስዱም ሰገራችሁ ይጠቁራል፣ እሱ አያስደነግጥ። እንደ ሬንጅ የሚጣበቅና የሚከረፋ ከሆነ ግን አታድሩ።


ሲስተር_ከዋርድ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:00

እኔ የምጽፈው ስለ ብልቃጧ ነው። የት እንደምሠራ አልናገርም። አንድ ጊዜ ዋርድ ስናጸዳ መስኮት ላይ ከመጋረጃው ጀርባ ብልቃጥ አገኘን። ስም አለው፣ ቀን አለው፣ ሰባት ወር ሆኖታል። አስታማሚው ላቦራቶሪ ይወስደዋል ተብሎ ተሰጠው፣ እሱ ሆስፒታሉ የሚወስደው መስሎት መስኮቱ ላይ አስቀመጠ። ሽማግሌው ተሰፍተው፣ ክራቸው ወጥቶ፣ መርቀውን ነበር የሄዱት። ስልክ ደወልን፣ አይሰራም። በኋላ መጡ። ሆዳቸው በውሃ ተነፍቶ ነው የመጡት።

ስለዚህ የሰፊው ልጅ፣ እዚያ ጉብታ ላይ ብልቃጥ አቅፈሽ የሄድሽው ለአባትሽ ትልቁን ነገር አድርገሻል። የሱሪውን ነገር ለራስሽ ይቅር በይ።

መንገር አለመንገሩ ላይ ደግሞ ባህላችንን አውቃለሁ። በር ላይ «እባክሽ ሲስተር እንዳትነግሪው» ያላለኝ አስታማሚ የለም። ግን ታማሚው ያውቃል። ሌሊት እናንተ ስትተኙ እኔን ነው የሚጠይቀኝ። ሁላችሁም ስለምትስቁ እሱም ይስቃል፣ ብቻውን ይፈራል። ደግሞስ ኬሞ ሲጀምር «የቁስለት መድኃኒት ነው» ልትሉት ነው? ፀጉሩ ሲረግፍስ? ለቀዶ ጥገና የሚፈርመውም እሱ ነው። እናትሽን ይዘሽ ሐኪሙ ጋር ግቢ፣ እሱ በቀስታ ይንገረው። እናንተ አጠገቡ ሁኑ።


ሃይቅዳር_22
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:35

ሁለተኛውን በር ማንም አላነሳም፣ አክስቴ በሱ ነው የገባችው። በልታ ትውላለች፣ ማታ ታስመልሳለች። የምታስመልሰው የዛሬውን አይደለም፣ ትናንት የበላችውን ሽሮ ነው። ማስመለሷ ሲያደክማት ጎረቤት «መድኃኒት አብልተዋት ነው» አለ፣ አንድ ወር በዚህ ጠፋ። ሐኪሙ ወገቧን ይዞ ወዝወዝ ሲያደርጋት ሆዷ እንደ እንሥራ ውሃ ተንቦጫረቀ፣ እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሰማሁት። የጨጓራው መውጫ በካንሰር ተዘግቷል አሉ። በቀጥታ አልቀደዷትም። ስታስመልስ የወጣውን ጨውና ፖታሲየም ለመመለስ ብቻ አራት ቀን ግሉኮስ ላይ አቆዩዋት። ከዚያ ጨጓራዋን ከአንጀቷ ጋር በሌላ በኩል አገናኙት። ካንሰሩ አልወጣም፣ ርቆ ነበር። ግን ስምንት ወር አፏ ያሻትን እየበላች ኖረች። አሞራ ገደል ወርደን ዓሣ በልታለች። ይህ ትንሽ አይደለም።


የአቶቴው
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4:10

ሰርጀኑ፣ ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። የአጎቴ ሚስት እኮ ዓመት ሙሉ ታስመልስ ነበር። ቀድማ ብትመጣ ትድን ነበር ነው የምትለኝ?


ሰርጀኑ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5:30

አላውቅም ወንድሜ፣ ትድን ነበር ብዬ አልዋሽህም። ዕድል ይኖራት ነበር። ጨጓራ በካንሰር ምክንያት ቆርጦ በማውጣት ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳካለት የቪየናው ቢልሮት ነው፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1881። የሱም ታማሚ እንደ ሃይቅዳር አክስት መውጫው የተዘጋባት ሴት ነበረች። ከአልጋዋ ተነስታ ቤቷ ገባች፣ ግን በሽታው ተመልሶ ከአራት ወር ገደማ በኋላ ሞተች። ዛሬ ንፍፊቶቹን አብረን እናነሳለን፣ ኬሞ አለ፣ ማደንዘዣውም እንደ ድሮው አይደለም። እንዲያም ሆኖ ቀድሞ የመጣና ዘግይቶ የመጣ ሰው ልዩነታቸው ሰማይና ምድር ነው።


የሰፊው_ልጅ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1:50

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ወንድሜን ይህን ክር ቁጭ አድርጌ አስነበብኩት። ጸበሉም ሲቲውም ይሆናል ብለን ተስማማን፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ከእማዬ ጋር ተማክረን ለአባዬ ልንነግረው ገባን። እማዬ «ሐኪሙ ትንሽ ነገር…» ብላ ስትጀምር አቋረጣት። «ካንሰር ነው አይደል? ሱሪዬን የማጠበው እኔው አይደለሁ?» አለ። ከዚያ ስለ ሱቁ ኪራይ ጠየቀኝ። ያን ያህል ነበር።


የሰፊው_ልጅ
(ከአምስት ወር በኋላ)

አባታችሁ እንዴት ሆነ ብላችሁ በውስጥ መስመር ለጠየቃችሁኝ። ሲቲው ጉበቱ ላይ ምንም አላሳየም። ሁለት ወር ኬሞ ወሰደ፣ ከዚያ ሁለተኛው ቀዶ ጥገና ተሠራ። የጨጓራውን የታችኛውን አብዛኛውን ክፍል አወጡ። ከተነሱት 19 ንፍፊቶች በሁለቱ ላይ ካንሰር ተገኝቷል፣ ስለዚህ ኬሞው ይቀጥላል። ሐኪሙ «ድኗል» አላለም፣ እኛም አላልንም።

በቀን ስድስት ጊዜ ነው የሚበላው፣ በስኒ ማስቀመጫ እየቀረበለት። ጣፋጭ ነገር ሲበላ ያልበዋል፣ ልቡ ይመታል፤ ምግቡ ቶሎ ወደ አንጀት ስለሚወርድ ነው አሉን። እማዬ ስድስቱን ጊዜ በሰዓት ይዛዋለች፣ ከሲስተር ትብሳለች። ባለፈው ሳምንት ሱቁን ከፈተ፣ ግማሽ ቀን። የደንበኛ ሱሪ ነው የሚሠራው። የራሱን ሁለት ስፌት ገና አልፈታም።


አዲስ_አባል_ታቦር
(በማግስቱ)

ይቅርታ፣ ክሩ የቆየ ነው። የእናቴን ሆድ ዛሬ ሌሊት ሰፍተዋል፣ እኔም ብልቃጥ ይዣለሁ። ፍሪጅ ውስጥ ላሳድረው?


ሲስተር_ከዋርድ
(በማግስቱ)

አይ፣ ፎርማሊን ውስጥ ከሆነ ውጪ ይደር፣ ፍሪጅ አያስፈልገውም። ክዳኑ መጥበቁን እይ። ልጆች የማይደርሱበት አድርጊው። ስሟ፣ ዕድሜዋና «ጨጓራ» የሚለው በብልቃጡም በወረቀቱም ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን አረጋግጪ። ወረቀቱን አሁኑኑ ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው። ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ይከፍታሉ።